ወይዘሮ ስሂን ለወሎ ልጅ ምን ነበር?

ስለ «ያ ትውልድ» ክርክር በተነሳ ቁጥር የደሴው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ስሙ ይነሳል። አንዱ «የጀግኖች መፍለቂያ» ይለዋል፤ ሌላው «አገር ያመሱ ልጆች የወጡበት»። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ፖለቲካ ነው። እስቲ ዛሬ ስለ ትምህርት ቤቱ እናውራ።

ስሙ የተወሰደው ከንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ከእቴጌ መነን እናት ከወይዘሮ ስሂን ሚካኤል ነው። የቤተ መንግሥት ስም ነው ማለት ነው። በዚያ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ በየወረዳው አልነበረም። የገበሬ ልጅ ስምንተኛን ካለፈ ስንቁን ተሸክሞ ከተማ ይገባል፤ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ፣ ራሱ እያበሰለ ይማራል። ብዙው የወሎ ልጅ ግን የትምህርት ቤቱን ደጅ ሳያይ ቀርቷል። ይህም አይረሳ።

ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን መጡ። ከ1957 ወዲህ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ ብዙዎቹ አስተማሪ ሆኑ። መንግሥት ያሰበው የመምህር እጥረት ለመሸፈን ነበር። የስድስት ኪሎ ክርክርም ከእነሱ ጋር በአውቶቡስ ተሳፍሮ መጣ።

ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣው ዋለልኝ መኮንን ኅዳር 1962 ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በእንግሊዝኛ የጻፈው ጽሑፍ ዛሬም ያጨቃጭቀናል። እኔም ሁሉንም አልቀበልም። ነገር ግን አንድ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ እንኳ መልስ የሚሻ ጽሑፍ የሚጽፍ ልጅ ማውጣት ችሎ ነበር።

አሁንስ? የወይዘሮ ስሂንን ስም ዛሬ የያዘ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አለ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየወረዳው ተሠርቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የወሎ ልጅ ደግሞ በዚያ ላይ ጦርነት አልፎበታል፤ የደሴ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ እስከመሆን ደርሰው ነበር።

ያኔ የገበሬው ልጅ ጭንቀት ደሴ መድረስ ነበር፤ አንዴ ከገባ የሚያስተምረው ሰው ያገኛል። ዛሬ ትምህርት ቤቱ ሰፈሩ ድረስ መጥቶለት፣ 12 ዓመት ተምሮ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ስለዚህ «ያ ትውልድ» ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለን ከመጨቃጨቃችን በፊት፣ እያንዳንዳችን ወደተማርንበት ትምህርት ቤት ደውለን አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ዘንድሮ ስንት ልጅ አለፈ?