የዓባይን ጉዞ ሳይጨርስ የቀረው ሰው ያረፈበት ተራራ

ዶንዮ ሳቡክ ከናይሮቢ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በማቻኮስ ካውንቲ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,145 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ከቢሾፍቱ መንገድ ላይ ሆኖ ዝቋላን አሻግሮ ያየ ሰው የዚህን ተራራ አቋም ለመገመት አይቸገርም፤ ሁለቱም ከተራራ ሰንሰለት ተነጥለው፣ ሜዳውን ዙሪያቸውን አድርገው፣ ከሩቅ የሚታዩ ናቸውና። ዝቋላ በአናቱ ላይ ሐይቅና ገዳም ሲኖረው፣ ዶንዮ ሳቡክ ግን በገዳሙ ፈንታ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ በሐይቁ ፈንታ ደግሞ ግርጌውን ታክኮ የሚያልፈው የአቲ ወንዝ አለው። ተራራው እ.ኤ.አ. በ1967 ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከልሏል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ስፋቱም ከሃያ ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ በመሆኑ በኬንያ ካሉት ትንንሽ ፓርኮች አንዱ ነው።

የተራራው ስሞች በዙሪያው የኖሩትን ሕዝቦች ያህል ብዙ ናቸው። ኦል ዶይንዮ ሳቡክ የሚለው የማሳይ ቋንቋ ሲሆን ትርጉሙም ትልቁ ተራራ ማለት ነው። በአካባቢው መንደሮችና በአውቶቡስ ተራ ውስጥ ዘወትር የሚሰማው ኪሊማምቦጎ የሚለው ስም ደግሞ ኪሊማ (ኮረብታ) እና ምቦጎ (ጎሽ) ከሚሉት ቃላት የተገጣጠመ ነው። ለታሪክ ተመልካች ከሁሉ ይልቅ ትርጉም የሚሰጠው ግን የኪኩዩዎቹ ስም፣ ኪያ ንጃሂ፣ ማለትም የታላቁ ዝናብ ተራራ የሚለው ነው። ኋላ የኬንያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆሞ ኬንያታ ስለ ኪኩዩ ሕዝብ ሥርዓትና ልማድ ጽፈው በ1938 ለንደን ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ እንደሚያስረዱት፣ ንጋይ የተባለው ፈጣሪ ዋና ማረፊያው የኬንያ ተራራ ሲሆን፣ የኪኩዩን ምድር በየአቅጣጫው ከሚያዋስኑት ሌሎች ታናናሽ ማረፊያዎቹ መካከል በምሥራቅ በኩል ያለው ይኸው ኪያ ንጃሂ ነው። እንግዲህ ተራራው ገዳም ባይተከልበትም ከጥንት ጀምሮ ፊት የሚዞርበት፣ ስሙም በአክብሮት የሚጠራ ቦታ ነበረ።

ለእግረኛ መንገዱ ቀላል ከሚባሉት ወገን ነው። ከናይሮቢ በቲካ አውራ ጎዳና ተጉዞ፣ ከቲካ ወደ ጋሪሳ በሚወስደው አስፋልት ላይ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ወደ ቀኝ በመታጠፍ ከፓርኩ በር ይደረሳል፤ ከበሩ እስከ አናቱ ያለው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ጥርጊያ መንገድ መኪና እንዲወጣበት ታስቦ የተቀደደ በመሆኑ ገደል መቧጠጥ ወይም ገመድ መያዝ አያስፈልግም። በአውሮፓ እንዲህ ባሉ ተራሮች ግርጌ የወይን አትክልት እንደሚዘረጋ ሁሉ፣ እዚህ ደግሞ መንገደኛውን እስከ ቲካ ድረስ የሚሸኘው የቡናና የአናናስ እርሻ ነው። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ተራራው ለስሙ ምክንያት ከሆነው እንስሳ የሚመጣ ነው፤ ጎሹ ዛሬም በደኑ ውስጥ ስለሚኖር በእግር የሚወጡ ጎብኚዎች የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ አስከትለው ይሄዳሉ። ኢትዮጵያዊ ተጓዥ በዛፎቹ ጫፍ ላይ የሚያስተውለው ጥቁርና ነጭ ጸጉር ያለው ጉሬዛ ደግሞ በስሙም ዘመድ ነው፤ ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 ይህን እንስሳ ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ ኢትዮጵያ ውስጥ የሰማውን ጉሬዛ የሚለውን ቃል እንዳለ ስለወሰደው፣ የኬንያው ዘመዱም በዓለም የእንስሳት መዝገብ የሚጠራው በዚሁ በአማርኛ ስሙ ነው።

ዳገቱ አልቆ ወደ አናቱ ከመደረሱ አስቀድሞ ዛፎቹ ገለል ብለው ጥቂት መቃብሮች ይታያሉ። ከመካከላቸው አንዱ የሰር ዊልያም ኖርዝሩፕ ማክሚላን ሲሆን፣ ይህ ሰው በኬንያ ታሪክ የሚታወቀው በሰፋፊ እርሻዎቹና በአዳኝነቱ ነው። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ያመጣው ነገር ግን የኬንያ መሬት አልነበረም፤ ዓባይ ነበረ።

ማክሚላን በ1872 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ ተወለደ፤ ቤተሰቡ የባቡር ፉርጎ በመሥራት የበለጸገ ስለነበር ገንዘብ አልቸገረውም። በ1903 ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፈቃድ አግኝቶ፣ ማንም በጀልባ ያልወረደውን የዓባይን በረሃ ከላይ ወደ ታች ተጉዞ እስከ ሱዳን ለመድረስ ተነሣ። ለዚሁ ሲባል ተለይተው የተሠሩ የብረት ጀልባዎች አስመጣ፤ ቢ. ኤች. ዬሰን የተባለው ኖርዌያዊ ባልደረባው ደግሞ ከሱዳን በኩል ወንዙን ሽቅብ ተጉዞ መንገድ ላይ እንዲገናኙ ታስቦ ነበር። ሐሳቡ በካርታ ላይ ሲታይ ያማረ ነበር፤ የዓባይን ሸለቆ ወርዶ የተሻገረ የጎጃም ወይም የወሎ ነጋዴ ቢጠየቅ ኖሮ ግን ምን ሊል እንደሚችል ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። ወንዙ ከደጋው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዘቅጦ፣ በጠበበ የድንጋይ ግድግዳ መካከል እየተፋጨ የሚወርድ ስለሆነ ጀልባዎቹ ጉዞ በጀመሩ ጥቂት ርቀት ውስጥ ከዐለት ጋር ተላትመው ተሰባበሩ፤ ዬሰንም በበኩሉ የታችኛውን ፏፏቴና ፍጥነት ያለውን ውሃ አልፎ ሊወጣ አልቻለም።

ይህ ሙከራ የተደረገበት ዘመን ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በግንቦት 1902፣ ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር የሱዳንን ድንበር የሚወስን ውል ሲፈራረሙ፣ ብሪታንያና የሱዳን መንግሥት ካልተስማሙ በቀር በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ገብቶበት ነበር፤ በ1903 ማብቂያ ላይ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ የመጀመሪያውን የሁለቱን አገሮች የንግድ ውል አስፈርሟል። ስለዚህ የማክሚላን ጀልባ የአንድ ባለጸጋ ጨዋታ ቢመስልም፣ የውጭው ዓለም ዓይን በዓባይ ላይ ባረፈበት ወቅት የተደረገ ሙከራ ነበረ። ወንዙን በጀልባ የመውረዱ ነገር ለብዙ ዘመን ሳይሳካ ቆይቶ፣ በ1968 የብሪታንያ መኮንን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፍላጎት የመራው ትልቅ ቡድን በረሃውን በጀልባ አቋርጦታል።

ዓባይ የመለሰው ማክሚላን ወደ ደቡብ ወርዶ በጊዜው የብሪታንያ ምሥራቅ አፍሪካ ትባል በነበረችው ኬንያ ሰፈረ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያለበት የጁጃ አካባቢ የእርሱ እርሻ ነበረ፤ ከሥልጣን የወረዱት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትም በ1909 ለአደን በመጡ ጊዜ እዚያ አስተናግዷቸዋል። ናይሮቢ ውስጥ የኖረበት ቺሮሞ የተባለው ቤት ያለበት ግቢ አሁን የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለብሪታንያ በመዋጋቱና ቤቱን ለቁስለኞች በመስጠቱ የሰር ማዕረግ ተሰጠው። ሰውነቱ እጅግ ግዙፍ ስለነበረ የሰይፍ መታጠቂያው ዙሪያ 64 ኢንች፣ ማለትም ከ160 ሴንቲ ሜትር በላይ ነበር ይባላል።

በ1925 ከኬንያ ርቆ ሲሞት አስከሬኑ በኑዛዜው መሠረት ወደ ዶንዮ ሳቡክ መጣ። መቃብሩ በተራራው አናት ላይ እንዲሆን ታስቦ እንደነበረ፣ ነገር ግን አስከሬኑን የሚጎትተው ተሽከርካሪ በዳገቱና በሸክሙ ክብደት ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ስለቆመ እዚያው በቆመበት አጠገብ እንደተቀበረ በአካባቢው ሲነገር ይኖራል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ማክሚላን ሁለት ጊዜ ካሰበበት ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው፤ መጀመሪያ ወደ ታች ሲወርድ፣ ኋላም ወደ ላይ ሲወጣ። ከአጠገቡ ባለቤቱ ሌዲ ሉሲ እና ከአሜሪካ አብራቸው የመጣችው ጥቁር አሜሪካዊት አገልጋይ ሉዊዝ ዴከር አርፈዋል። በዚያ የቀለም ልዩነት ሕግ በሆነበት ቅኝ ግዛት የአገልጋይዋ መቃብር ከጌቶቿ እኩል መቀመጡ አስገራሚ ነው፤ ሌዲ ሉሲ በባሏ ስም በ1931 በናይሮቢ መሐል ያስገነባችው፣ በደጃፉ የድንጋይ አንበሶች የተቀመጡበት የማክሚላን መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ግን ለረጅም ዓመታት ለአውሮፓውያን ብቻ ክፍት ሆኖ መኖሩን ማስታወስም ይገባል።

ከመቃብሩ በታች ያለው ሜዳ ሌላም ኢትዮጵያን የሚመለከት ታሪክ አለው። ጣሊያን ከሩዶልፎ ግራዚያኒ ቀጥሎ የኢትዮጵያ እንደራሴ፣ ማለትም በንጉሥ ስም የሚገዛ ሹም፣ አድርጋ በ1937 ማብቂያ የላከችው አሜዴዎ፣ በአገራችን ዱካ ዳኦስታ ተብሎ የሚታወቀው መስፍን፣ በግንቦት 1933 ዓ.ም. አምባ አላጌ ላይ ተከቦ እጁን ከሰጠ በኋላ እንግሊዞች ወደ ኬንያ ወስደው ያሰሩት በዚሁ በዶንዮ ሳቡክ፣ ከሰው በራቀ የአደን ቤት ውስጥ ነበረ። ቦታው የወባ አገር ነበረ፤ መስፍኑም በወባና በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ወደ ናይሮቢ ሆስፒታል ከተወሰደ በኋላ መጋቢት 3 ቀን 1942 በ43 ዓመቱ ሞተ።

የአውሮፓ ጸሐፊዎች ይህን ሰው ጨዋ ባላባት፣ የተከበረ ተሸናፊ አድርገው መሳል ይወዳሉ፤ ከግራዚያኒ ጋር ሲነጻጸር ማንም ጨዋ ሊመስል እንደሚችል ግን መዘንጋት የለበትም። እርሱ እንደራሴ ሆኖ በተቀመጠበት ዘመን፣ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም.፣ በመንዝ አካባቢ ዘረት በተባለው ቦታ አመፀኛ ዋሻ ውስጥ ከነቤተሰቦቻቸው በተጠለሉ አርበኞች ላይ የጣሊያን ጦር የመርዝ ጋዝ ለቆባቸዋል፤ እጃቸውን የሰጡትንም በጥይት ፈጅቷል። ዋሻው ውስጥ የቀረው አጽም በኢጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ አማካይነት ለዓለም የተሰማው ከስልሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።

መስፍኑ ከወታደሮቹ ጋር ለመቀበር በመመኘቱ አስከሬኑ ኔሪ ከተማ ባለው፣ በ1952 ተመርቆ በተከፈተው የጣሊያኖች መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 676 ከሚሆኑ የጣሊያን ወታደሮች ጋር ዐርፏል። ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ የተጋዙት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ምርኮኞች ደግሞ በኬንያ መንገድ ሲቀዱ ኖረዋል፤ ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ ማይ ማሂዩ አጠገብ፣ በ1942 የሠሯት ጥቂት ሰዎችን ብቻ የምትይዝ ቤተ ጸሎት እስከ ዛሬ አለች። በአዲስ አበባ የቅኝ አገዛዙ ሹም የነበረው ፌሊቼ ቤኑዚ ግን መንገድ ከመሥራት ሌላ መላ አገኘ፤ ናንዩኪ ካለው ካምፕ በ1943 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ጠፍቶ፣ በሥጋ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈውን የተራራውን ሥዕል እንደ ካርታ ይዞ የኬንያን ተራራ ወጣ፤ ሌናና በተባለው ጫፍ ላይ የጣሊያንን ባንዲራ ከተከለ በኋላም ወደ እስሩ በገዛ እግሩ ተመለሰ።

ጥርት ባለ ቀን ከዶንዮ ሳቡክ አናት ላይ በሰሜን በኩል ያ ቤኑዚ የወጣው የኬንያ ተራራ፣ በደቡብ በኩል ደግሞ ኪሊማንጃሮ ይታያሉ። በግርጌው፣ አሥራ አራቱ ፏፏቴዎች በሚባለው ቦታ ላይ አረፋ እየደፈቀ የሚታየው የአቲ ወንዝ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ፣ መጀመሪያ ጋላና፣ ቀጥሎም ሳባኪ የሚል ስም እየያዘ፣ ከማሊንዲ በስተሰሜን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል፤ ከዓባይ ጋርም በየትኛውም ቦታ አይገናኝም።