ጉልባን በጅግጅጋ

ጅግጅጋ ላደግን የክርስቲያን ልጆች ሰሙነ ሕማማት የሚጀምረው በክልከላ ነበር፦ ሰው ሲመጣ አትሳሙ፣ አትጨባበጡ። ለምን ስንል፣ ይሁዳ ጌታን በመሳም ስለካደው። እናቴ ከዚህ በላይ አታብራራም፤ ሳምንቱን ሙሉ አያትን አለመሳም ግን ለልጅ ይበቃዋል።

ሐረር በ1879 ዓ.ም. ለምኒልክ ከገባች በኋላ ወታደሩም ነጋዴውም ወደዚህ ሲወርድ ይህንን ሁሉ በጓዳው ይዞት መጣ። ጸሎተ ሐሙስ ስንዴና የባቄላ ክክ ይቀቀላል፤ እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ ሊጥ ለማቡካት ጊዜ አጥተው ንፍሮ መብላታቸውን ለማሰብ ነው ይባላል። ዓርብ ማታ ቄሱ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን ቸብ ቸብ ያደርጉናል፤ ማን ብዙ ስግደት እንደታዘዘበት ከወንድሜ ጋር እንፎካከር ነበር። ቀዳም ስዑር ቀጤማ ግንባራችን ላይ ይታሰራል። የኖኅ ርግብ ቅጠል ይዛ ስትመለስ ውሃው መጉደሉ እንደታወቀ፣ በመስቀሉም ሰላም ሆነ ለማለት ነው።

ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ጅግጅጋ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ካህናት ተገደሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ። እኔ ለልምምድ አዲስ አበባ ነበርኩ። እናቴና ታናሽ እህቴ ሁለት ሌሊት ያደሩት ጎረቤታችን ኤዶ ጓዳ ነው (ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ እውነተኛ ስሟን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው)።

ቀጣዩ ፋሲካ ሚያዝያ 20 ቀን 2011 ዓ.ም. ዋለ። የዋዜማው ዕለት ቀጤማው ሲታሰርላት የስምንት ዓመቷ እህቴ «ውሃው ጎደለ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ቋጠሮውን አጠበቀችና «እየጎደለ ነው» አለች። እኔ ብሆን ምን እንደምል አላውቅም።

ፕሮግራመር ከሆንኩ በኋላ ባሕረ ሐሳብን ኮድ አድርጌ ጻፍኩት። ሞዱሎ ነው በቃ፦ 5500 ሲደመር 2014፣ ለ19 ሲካፈል ቀሪው 9፤ አንድ ሲነሣ ወንበሩ 8፤ አበቅቴ 28፣ መጥቅዕ 2፤ ፋሲካ ሚያዝያ 16። ኮዴ ያልነገረኝ ቀኑ ረመዳን ውስጥ መዋሉን ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ሦስቱም ፋሲካዎች እንደዚያው ነበሩ።

በእነዚያ ዓመታት ኤዶ በሕማማት ሳምቡሳውን በሥጋ ፈንታ በምስር ሞልታ ትልክልን ነበር። የእኛም ቤት እስከ ምሽት ስለሚጾም የምንፈታው እኩል ነው። በ2014 እህቴ ጉልባኑን ይዛ ሄደችና ለኤዶ የልጅ ልጆች ለምን እንደሚበላ ታስረዳቸው ጀመር፦ ሙሴ የሚባል ሰው ነበር፣ ንጉሡ አልለቅም አለ...

ትልቁ ልጅ አቋረጣት። «ሙሳን እኮ እናውቀዋለን» አለና ባሕሩ እንዴት እንደተከፈለ እሱ ጨረሰላት።