አቡጊዳና የንባብ ክፍል

ስለ ቋንቋ ትምህርት አሰጣጥ በምንነጋገርበት ጊዜ የትምህርት ዕቅድ ማለት ከውጭ አገር መጻሕፍት ጋራ የገባ አዲስ ነገር ይመስለናል። ነገር ግን የአገራችን ንባብ ቤት በወረቀት ያልሰፈረ፤ ሆኖም ሥርዐቱ የጠበቀ ዕቅድ ነበረው።

ሕፃኑ በመጀመሪያ ስንደዶውን በፊደል ገበታው ላይ እያሳረፈ ከሀ እስከ ፐ ይቈጥራል። የዐማርኛ 33 ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው 231 ይሆናሉና ለትንሽ ልጅ ቀላል ሸክም አይደለም። ልጅም ብልኅ ነው፤ ዐይኑን ከገበታው አንሥቶ ዜማውን ብቻ ይዞ እንደ ውሃ ያወርደዋል። የቀድሞ መምህራን ይህን ዐውቀው ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳን አኖሩ። አቡጊዳ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ ፊደሉንም ድምፁንም በአንድ ጊዜ እያፈራረቀ ስለሚሄድ፤ ሀሁን በቃሉ ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ሲደርስ ይያዛል። እንግዲህ አቡጊዳ ትምህርትም ፈተናም ነበረ ማለት ነው።

ከዚያም ፊደለ ሐዋርያ የተባለው የዮሐንስ መልእክት፤ ቀጥሎ ወንጌል፤ በመጨረሻም ዳዊት ይመጣል። ምንባቡ በቁጥር፤ በግዕዝ፤ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ይደጋገማል፤ ይኸውም ፊደል ከመልቀም ተነሥቶ ሳያቋርጡ እስከ ማንበብ የሚያደርስ መሰላል ነው። ሁሉም ልጅ ድርሻውን ለብቻው በየኔታ ወይም በታላቅ ተማሪ ፊት ያነባል፤ በጓደኛው ድምፅ ውስጥ መሸሸግ አይችልም። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላትም ቢሆኑ ስም ነበራቸው፤ ሃሌታው ሀ፤ ሐመሩ ሐ፤ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፤ እሳቱ ሰ ይባሉ ነበር። ስሙ ከቃል የተወሰደ በመሆኑ ፊደሉና አጻጻፉ አብረው ይታወሳሉ። (ዛሬ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስለ ሆሄ ስንከራከር ይህን የምናስታውስ ጥቂቶች ነን።)

ይሁን እንጂ የንባብ ቤትን ጕድለት መሸፈን አይገባም። ልጁ የሚያነበው ግዕዝ የእናቱ ቋንቋ ስላልሆነ ብዙ ጊዜ ትርጕሙን ሳያውቅ ዳዊት ይደግም ነበር። ጽሕፈትም የቁም ጸሐፊ ሙያ ሆኖ ስለ ተለየ፤ ዳዊት ደግሞ ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው እንግዳ አልነበረም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተከፈተው ተማሪ ቤት፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኰንን ተማሪ ቤት፤ ከነዚህም በኋላ የተከተሉት ትምህርት ቤቶች ጥቍር ሰሌዳን፤ ደብተርንና የቃል ጽሕፈትን አስለመዱ። በ1956 ዓ.ም. ዐማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲም ልጆች በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። ስለዚህ የትርጕሙም የጽሕፈቱም ጕድለት በብዙ ተቃለለ።

የቀረው ግን ልጁን ለብቻው ማድመጥ ነው። በአንድ ክፍል 60 ልጆች ሲሰበሰቡ መምህሩ ገበታውን በዘንግ ያሳያል፤ ልጆቹም ባንድ ድምፅ ይከተላሉ፤ ከመስኮቱ ውጭ ለሚሰማ ሁሉም ያነባሉ። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የተደረገ የንባብ ጥናት ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሢሶ የሚያህሉት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳየ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመጽሐፍ እጥረትም የተማሪ ብዛትም አለበት። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በኅብረት ድምፅ የሚያስተምር መምህር ያ ሢሶ የትኛው እንደ ሆነ በስም ለይቶ አለማወቁ ነው።

ጊዜ አይበቃም የሚለውን ምክንያት በቍጥር እንመልከተው። 60 ልጆች በአምስት የትምህርት ቀን ሲካፈሉ በቀን 12 ይደርሳሉ። ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ተሰጥቶት በአቡጊዳ ሥርዐት ተዘበራርቀው የተጻፉ ጥቂት ፊደላትንና አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ቢያነብ፤ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 28 ደቂቃ ለጽሕፈትና ለንግግር ይተርፋል። ሌሎቹ በዚያ 12 ደቂቃ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ፤ ወይም ታላቁ ታናሹን እንደ ንባብ ቤቱ ያስቀጽላል።