የምኑ ኢንች ነው?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ የቸኮላችሁ ማታ ተመለሱበት። በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ ብታነቡት ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም የአንዳችሁ ዕዳ አለብኝ።

ባለፈው ሳምንት የሳይክሌ የኋላ ጥርስ አልቆ ሰንሰለቱ መዝለል ጀመረ። ባሕር ዳር የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ እዚህ ሳይክል ሲበላሽ ግማሽ ቀን ይበላሻል። ሠሪው ጋ ወሰድኩት። የነበረው ባለ 18 ጥርስ ነው፤ ልጁ ሣጥኑን በርብሮ ባለ 16 እና ባለ 20 ብቻ አገኘ። "ቲቸር፣ 16ቱን ልሰርልህ፣ ይበራል። 20 የሽማግሌ ነው" አለኝ። አልዋሽም፣ ልቤ ወደ 16ቱ አዘነበለ። ግን እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ማስላት ስጀምር የዛሬ ስምንት ዓመት የሆነ ነገር ትዝ አለኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ሬሾ እያስተማርኩ ነው። የመጽሐፉ ምሳሌ ሰልችቶኝ የሳይክል ምሳሌ አመጣሁ። የፊቱን ጥርስ ለኋላው ታካፍላላችሁ፣ በጎማው ዲያሜትር ታባዛላችሁ፣ በቃ። 44 ሲካፈል ለ18፣ ሲባዛ በ28፣ 68 ኢንች ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ 68 ኢንች የምኑ ኢንች ነው? ሳይክሉ ላይ ይሄን የሚያህል ነገር የለም" አለ። ጥያቄው ልክ ነው። መልሱን ግን አላውቀውም ነበር፣ አላውቅም ማለትም አፈርኩ። "ፎርሙላው ነው፣ ዝም ብለህ ተካ" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ዓመቱ እስኪያልቅ ድረስ እጁን አላወጣም።

መልሱን ያገኘሁት በጣም ዘግይቼ ነው። ታሪክ ውስጥ ነው ያለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1817 ካርል ድራይስ የሚባል ጀርመናዊ ሁለት ጎማ ፊትና ኋላ አሰልፎ ላዩ ላይ ተቀመጠ። ፔዳል የለውም፣ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነው የሚሄደው። በ1860ዎቹ ፓሪስ ላይ ፔዳል ተጨመረለት። የተጨመረው ግን በቀጥታ የፊት ጎማው መሀል ላይ ነው፤ የሕፃናት ባለ ሦስት ጎማ ሳይክል ላይ እንደምታዩት። ሰንሰለት የለም። ስለዚህ እግር አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ብቻ ይዞራል።

እንግዲህ በዚህ ሳይክል መፍጠን የፈለገ ሰው ምን ያድርግ? እግርን ማፍጠን ልክ አለው። የቀረው ጎማውን ማሳደግ ነው። አሳደጉታ! በ1870ዎቹ እንግሊዝ አገር የፊት ጎማው የሰው ደረት የሚደርስ፣ የኋላው ትንሽዬ የሆነ ሳይክል መንገዱን ሞላው። ፎቶውን አይታችሁታል፣ የሰርከስ ዕቃ የሚመስለው። ሰርከስ አልነበረም፣ ሂሳብ ነበር። 52 ኢንች ዲያሜትር ያለው ጎማ በአንድ ዙር 4 ሜትር ከ15 ሳንቲሜትር ይወስዳል። ጎማው በትልቅ ቁጥር ሩቅ ይወስዳል።

ገደቡ እግር ነው። ፔዳሉ ታች ሲወርድ እግርህ ካልደረሰ አለቀ። ስለዚህ ሰዉ ሳይክል የሚገዛው እንደ ሱሪ በእግሩ ርዝመት ነበር። ረጅሙ ትልቅ ጎማ ይችላል፣ አጭሩ ምንም ቢጎብዝ ትንሽ ጎማ ላይ ይቀራል። 60 ኢንች የሚነዳ ሰው እግሩ ረጅም እንደሆነ ቁጥሩ ብቻ ይናገርለታል። አደጋውም ቀላል አይደለም። ኮርቻው ከፊት ጎማው በላይ ስለሆነ ጎማው ድንጋይ ከመታ ወይ ጉድጓድ ከገባ ነጂው ከዚያ ሁሉ ከፍታ በግንባሩ ነው የሚወርደው። ቀሚስ ለባሽ ሴትማ እንዴት ብላ ትወጣዋለች?

በ1885 ኮቨንትሪ ከተማ ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሮቨር የተባለውን ሳይክል አወጣ። (የሚገርመው አጎቱ ጄምስ ስታርሊ በትልልቁ ጎማ ስማቸው ከተጠራ ሠሪዎች አንዱ ነበር።) ሰንሰለትን የሞከሩ ከሱ በፊትም ነበሩ፣ ገበያውን የቀየረው ግን ሮቨር ነው። ፔዳሉ ከጎማው ተላቆ ወደ መሀል መጣ፤ ከፊት ትልቅ ባለ ጥርስ፣ ከኋላ ትንሽ ባለ ጥርስ፣ በመሀላቸው ሰንሰለት። የፊቱ ጥርስ የኋላውን እጥፍ ከሆነ እግር አንዴ ሲዞር ጎማው ሁለቴ ይዞራል። ከዚህ በኋላ መፍጠን የእግር ርዝመት ጉዳይ መሆኑ ቀረ።

አሁን 54 ኢንች የለመደ ሰው ይህችን አጭር ሳይክል ሲያይ "ከኔዋ ጋር ስትነጻጸር ስንት ናት?" ማለቱ አይቀርም። ለሱ በሚገባው ቋንቋ መመለስ ነበረበት። የጥርሱን ሬሾ በጎማው ዲያሜትር ማባዛት ማለት ይሄ ነው፤ ሰንሰለት ባይኖር ኖሮ ስንት ኢንች ጎማ ያስፈልግህ ነበር የሚለውን ነው የሚነግርህ።

ስለዚህ ልጄ፣ 68ቱ ኢንች የሌለ ጎማ ዲያሜትር ነው። እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ነው፤ ያ ጎማ ቢሠራ ኖሮ 1 ከ74 ሆኖ ይበልጠኝ ነበር። ሳይክሉ ላይ ፈልገህ ያጣኸው ስለሌለ ነው። ልክ ነበርክ።

ፈረንሳዮች የሌለ ጎማ ምን ያደርግልናል ያሉ ይመስል በሜትር ነው የሚለኩት፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ሳይክሉ ስንት ሜትር ይሄዳል? የእኔው 5 ሜትር ከ46 ነው። ለኔ ይሄኛው ይቀለኛል፣ መሬት ላይ በኖራ አስምሮ ማሳየት ይቻላላ።

ግን ፈረንሳይ ውስጥ ሌላ ጉድ አለ። ቱር ደ ፍራንስን በ1903 የጀመረው የጋዜጣ አዘጋጁ ሄንሪ ደግራንዥ ማርሽ መቀያየርን አይወድም ነበር። ማርሽ የሚያስፈልገው ዕድሜው ከ45 ላለፈ ሰው ነው፣ ወጣት በጡንቻው ያሸንፍ ባይ ነው። (የሳይክል ሠሪዬን አስታወሳችሁ?) በ1910 ውድድሩ ትልልቆቹን የፒሬኔ ተራሮች ሲወጣ፣ 2,115 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱርማሌን ጨምሮ፣ ብዙዎቹ ወርደው ሳይክላቸውን እየገፉ ነው የወጡት። በኋላ የተገኘው ዘዴ የኋላ ጎማውን በግራና በቀኝ ሁለት ዓይነት ጥርስ ማልበስ ነው። ዳገቱ ሥር ትቆማለህ፣ ጎማውን ትፈታለህ፣ ታገላብጣለህ፣ ታስራለህ፣ ትወጣለህ። ጫፉ ላይ እንደገና።

በዚያው ዘመን ሳንት ኤቲየን ከተማ ፖል ደ ቪቪ የሚባል ሰው ነበር፣ ቬሎሲዮ በሚል የብዕር ስም መጽሔት ያሳትማል። እድሜ ልኩን ማርሽ ይቀያየር፣ ሰው ጉልበቱን አይጨርስ እያለ ጻፈ፤ ራሱም ተራራ እየወጣ ሞከረው። ክርክሩ ሲጦፍ እሱ 45ን አልፎ ነበር፣ ስድቡ ሳያቃጥለው አልቀረም። በ1930 ትራም ገጭቶት ሞተ። ቱር ደ ፍራንስ ማርሽ መቀየሪያን የፈቀደው በ1937 ነው፣ ደግራንዥ ከመሪነቱ ገለል ካለ በኋላ። የዚያን ዓመት ሮዤ ላፔቢ በማርሽ አሸነፈ።

የወንድሜ ልጅ ሳይክል "21" የሚል ተለጣፊ አለው፤ ቆጠርነው። ፊት 24፣ 34፣ 42፤ ኋላ ከ14 እስከ 28፤ ጎማ 26። ቀላሉ ማርሽ 22 ኢንች፣ ከባዱ 78። ነገር ግን 42 ለ28 ስታሰላው 39 ኢንች ይመጣል፣ 24 ለ16ም ያው 39፣ 34 ለ22 ደግሞ 40። ሦስቱ አንድ ናቸው በሉት። 21 ተጽፎ 21 አይሆንም፣ ሻጩ ይህን አይነግራችሁም። በቀላሉ ማርሽ አንድ ዙር 1 ሜትር ከ78 ብቻ ነው የሚሄደው፣ ከእኔ ሲሶ መሆኑ ነው። ዳገቱ አላጠረለትም፤ እኔ በአንድ ዙር በጥሬ የምከፍለውን እሱ በሦስት ዙር በዱቤ ይከፍላል።

እኔስ? 16ቱ 77 ኢንች ይሆናል፣ 20ው 62። የሽማግሌውን አሳሰርኩ። ሠሪው ሳቀብኝ። እሑድ ቤዛዊት ዳገትን ሞከርኩት፤ አንድ ቦታ ወርጄ ገፍቻለሁ። በ18ቱ ጊዜ ሁለት ቦታ ነበር።

ያ ልጅ፣ ስምህን አልጠራም፣ ራስህን ታውቃለህ። ይሄ ጽሑፍ ከደረሰህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። አሁን የምትነዳው ስንት ለስንት ነው?