የሞተር ሳይክል የመቀመጫ ከፍታ

የሞተር ሳይክል የመቀመጫ ከፍታ ከመሬት እስከ መቀመጫው ዝቅተኛ ቦታ ድረስ ያለው ቀጥ ያለ ርቀት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በሚሊሜትር ይገለጻል። ሞተር ሳይክል ሲቆም ሚዛኑን የሚጠብቀው በነጂው እግር ስለሆነ፣ ይህ ልኬት በተለይ ቁመታቸው አጠር ላሉ ነጂዎች ትልቅ ትርጉም አለው። ይሁን እንጂ ሁለቱንም እግሮች ከነተረከዛቸው መሬት ላይ ማሳረፍ የግድ አይደለም፤ አንዱ እግር በደንብ ከረገጠ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ልኬቱና የእግር ርዝመት

ከፍታው እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል። የሆንዳ ሬብል 500 መቀመጫ ከመሬት 690 ሚሊሜትር፣ የሆንዳ ሱፐር ከብ ሲ125 ደግሞ 780 ሚሊሜትር ይርቃል። ለረጅም ጉዞና ለጥርጊያ መንገድ የተሠራው ቢኤምደብልዩ አር 1250 ጂኤስ በመደበኛ መቀመጫው 850 ወይም 870 ሚሊሜትር ይደርሳል። ለኮረኮንች መንገድ የሚሠሩ ሞተሮች ከፍ የሚሉት የሞተሩ ሆድ ድንጋይ እንዳይነካና ሾክ አብዞርበሩ እንደ ልብ እንዲጫወት ነው።

ቁጥሩ ብቻውን እግር ይደርስ እንደሆነ አይናገርም። ሰፊ መቀመጫ ጭኖችን ስለሚያራርቅ እግርን ያሳጥራል፤ ከፊቱ ጠበብ ያለ መቀመጫ ግን በከፍታ እኩል ሆኖ ሳለ መሬት ለመርገጥ ይቀላል። በተጨማሪም ነጂው ሲቀመጥ በክብደቱ ሾኩ ስለሚረግብ መቀመጫው ዝቅ ይላል። ስለዚህ ትክክለኛው ፈተና ለመንዳት በሚያደርጉት ጫማ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ማየት ነው።

የሚዛን ጉዳይ

ቀጥ ብሎ የቆመ ሞተር እግር ላይ የሚጥለው ክብደት ጥቂት ነው። እያጋደለ ሲሄድ ግን የሚጥለው ኃይል በፍጥነት ይጨምራል፤ 20 ዲግሪ ያጋደለ ሞተር 5 ዲግሪ ካጋደለው ጋር ሲነጻጸር ወደ 4 እጥፍ በሚጠጋ ኃይል ይጥላል። ስለዚህ ሞተርን ከመውደቅ የሚያድነው የነጂው ጉልበት ሳይሆን መጋደሉን ገና ከጅምሩ መግታቱ ነው። ማጋደል ካለፈ በኋላ ረጅምና ጠንካራ ነጂም ላይይዘው ይችላል። እግርም ከሥሩ ሊያዝ ይችላል።

አቋቋም

በአብዛኞቹ ሞተሮች የኋላ ፍሬን በቀኝ እግር ስለሚረገጥ፣ አጭር ነጂ ቀኝ እግሩን ፍሬኑ ላይ አድርጎ በግራው ይቆማል። ከመቆሙ ትንሽ ቀደም ብሎ ዳሌውን ወደ ግራ ሸርተት ሲያደርግ ግራ እግሩ ብዙ ሴንቲሜትር ወደ ታች ይወርዳል። መሪው ቀጥ ማለት አለበት፤ መሪው ዞሮ ሳለ የፊት ፍሬን በድንገት ከተያዘ ሞተሩ በቀላሉ ይወድቃል።

የሚቆሙበትን ቦታ መምረጥም ያግዛል። የዝናብ ውኃ እንዲወርድ ሲባል ብዙ መንገዶች መሐላቸው ከፍ፣ ዳራቸው ዝቅ ብሎ ይሠራል። እንደ ኢትዮጵያ በቀኝ በሚነዳባቸው አገሮች በነጂው ግራ ያለው መሬት ከፍ ስለሚል ግራ እግር ቶሎ ይደርሳል። እንደ ኬንያ በግራ በሚነዳባቸው አገሮች ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጉድጓድ፣ አሸዋና የፈሰሰ ዘይት ያለበት ቦታ ላይ እግር ማሳረፍ ለማንም አይመከርም።

በሞተሩ ላይ የሚደረጉ ማስተካከያዎች

ማስተካከያዎቹን በቀላሉና በርካሹ መጀመር ይሻላል።

* ሶሉ ወፈር ያለና የማያንሸራትት ቦት ጫማ መጠቀም።
* ከፋብሪካ የሚቀርብ ዝቅተኛ መቀመጫ ካለ መግጠም፣ ወይም የመቀመጫውን ስፖንጅ ማስቀነስና ጎኖቹን ማስጠበብ። ስፖንጁ ከመጠን በላይ ከሳሳ ረጅም ጉዞ ያሳምማል።
* የኋላ ሾኩን ሞላ ማላላት። በጣም ከላላ ግን ጉድጓድ ሲመጣ ሾኩ እስከ መጨረሻው ተጨቁኖ ይመታል።
* የሾኩን ማያያዣ ብረት በመለወጥ የኋላውን ክፍል ዝቅ ማድረግና የፊቱንም በተመጣጣኝ መጠን ማውረድ።

የመጨረሻው ዘዴ በሙያተኛ መሠራት አለበት። ኋላው ብቻ ዝቅ ካለ የመሪው ባሕርይ ይለወጣል፤ ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ሊነካካ ይችላል፤ ሞተሩ በኩርባ ላይ ሲያጋድልም የእግር መርገጫው ቶሎ መሬት ይነካል። የጎን ማቆሚያውም ካላጠረ፣ የቆመው ሞተር ከሚገባው በላይ ቀጥ ስለሚል ወደ ሌላው ጎን ሊወድቅ ይችላል።

ታዋቂ ምሳሌ

ቤልጅየማዊው ጋስቶን ራይዬ ቁመቱ 1.64 ሜትር ያህል ነበር። ቢሆንም በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ. የፓሪስ–ዳካርን ውድድር በትልቅ የቢኤምደብልዩ ሞተር አሸንፏል። ሞተሩ ለእግሩ እጅግ ረጅም ስለነበር፣ ከጎኑ ሆኖ ካንቀሳቀሰው በኋላ ዘሎ በመውጣት ይነሣ እንደነበር ይታወሳል። ይህ ለከተማ መንገድ የሚሆን ዘዴ አይደለም፤ ነገር ግን ሞተርን ለመንዳት ከቁመት ይልቅ ሚዛንን ማወቅ እንደሚበልጥ ያሳያል።