ርጥብ መሬትና የቤት መሠረት፤ ከሮቢት ሜዳ እስከ ላስታ ዋሻ



ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ቆቦ የሚጓዝ ሰው ጎብዬን አልፎ ሮቢት ሲደርስ፣ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በስተ ምዕራብ የግዳንና የላስታ ደጋ ግራና ቀኝ ቆመው ይታዩታል። በመካከላቸው የተዘረጋው ሜዳ ከተራራው እየታጠበ በወረደ አፈር የተሞላ ነው። ገበሬው ይህን አፈር ይወደዋል፤ ክረምት ሲገባ የተራራውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣበታል። ቤት ሠሪ ግን ይህንኑ አፈር ሊፈራው ይገባል። ጥቁሩ ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በላዩ የቆመው ግድግዳም ዓመት በዓመት ከፍ ዝቅ ሲል ከበርና ከመስኮት ማእዘን ጀምሮ ይሰነጠቃል።

ይህ የቆላው ነገር ነው። ርጥበት ከብርድ ጋር በአንድነት በሚገኝበት በደጋው አገር አባቶቻችን ሕንጻቸውን በምን ላይ ያቆሙ እንደ ነበር ለማወቅ ለሚሻ ሰው ደግሞ ምሳሌው ከዚያው ከምዕራቡ ተራራ አይርቅም፤ ይኸውም የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ሲሆን ከቅዱስ ላሊበላ አስቀድሞ የነገሠ ነው። በስሙ የሚጠራው ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ፣ በሰፊ ዋሻ ውስጥ ታንጾ ይገኛል። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ እንደ አክሱም ዘመን ሥርዓት የተሠራ ነው። አበው ሲተርኩ የዋሻው ወለል አስቀድሞ ውኃ የተኛበት ረግረግ ነበረ፤ የሕንጻውም ክብደት በረግረጉ ላይ በተነጠፈ እንጨት ላይ ዐርፏል ይላሉ። ዘዴው ጥበብ ያለበት ነው። ለስላሳ መሬት ክብደቱ በአንድ ስፍራ ሲከማችበት ይሰምጣል፤ በሰፊ ንጣፍ ላይ ሲከፋፈልለት ግን ይሸከማል። በእንጨት የታሠረ ግድግዳም መሬቱ ጥቂት ቢላወስ እንደ ደረቅ ድንጋይ ወዲያው አይለያይም።

«እንጨት በርጥበት አይበሰብስምን?» የሚል ይኖራል። እንጨት የሚበሰብሰው ውኃና አየር ሲፈራረቁበት ነው፤ ሁልጊዜ በውኃ ተሸፍኖ አየር ካላገኘ ለብዙ መቶ ዓመት ይቆያል። በሆላንድ አገር፣ በአምስተርዳም፣ በ1648 እ.ኤ.አ. ሥራው የተጀመረው ዛሬ ቤተ መንግሥት የሆነው ታላቅ ሕንጻ በ13,659 የእንጨት ምሰሶዎች ላይ መቆሙ የታወቀ ነው። በዚያ ከተማ የቤት ባለቤት የሚሠጋው የከርሠ ምድሩ ውኃ ሲበዛ ሳይሆን ሲጎድል ነው፤ የምሶሶው ራስ አየር ሲያገኝ መበስበስ ይጀምራልና።

እንግዲህ የላስታው ዋሻ፣ የአምስተርዳሙ ምሶሶና የሮቢቱ ዋልካ አንድ ነገር ይናገራሉ። መሠረትን የሚያፈርሰው ውኃው ራሱ ሳይሆን የውኃው መመላለስ ነው። ዋሻው ዝናቡን ከልክሎ ወለሉን በአንድ ዓይነት ሁኔታ ጠበቀው፤ ዋልካው ግን በየዓመቱ ይርሳል፣ ይደርቃል። (ይህን ስንል ቤት ሠሪ ሁሉ ዋሻ ይፈልግ ማለታችን አይደለም።)

የብርዱን ጉዳይ ባጭሩ እናንሣው። ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ100 እጅ 9 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በሰሜን አውሮፓና በካናዳ መሠረት የሚጣለው መሬቱ ከሚረጋበት ጥልቀት በታች ነው። በእኛ ደጋ ውርጭ ባቄላውን ያቃጥላል እንጂ ወደ መሬት ጠልቆ አይገባም። ከባዕድ መጽሐፍ የተቀዳ ጥልቀት ለእኛ የድንጋይ ወጪ ከመሆን አያልፍም።

በዋልካ ላይ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሠራተኛ፣ የብዙ ዓመት ደመወዙን ቁጠባ የሚያፈስበት ነውና፣ ቦታውን በጥር ብቻ ሳይሆን በነሐሴም ሄዶ ይመልከት። ጥቁሩ አፈር ስስ ከሆነ እስከ ጽኑው መሬት ተቆርጦ ይውጣና በገረጋንቲ ይተካ። ጥልቅ ከሆነ ግን ድንጋይ ማብዛት አይረዳም፤ ክብደቱን የሚያከፋፍል የአርማታ ንጣፍ በባለሙያ ቢታሰብ ይሻላል። የጣራው ውኃ በአሸንዳ ተቀብሎ ከግድግዳው መራቅ አለበት።

ብዙ ሰው ገንዘብ ሲያጥረው አስቀድሞ የሚተወው ይህንኑ አሸንዳና ቦይ ነው። ላሊበላን እንመልከት። ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እነዚያ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉ በመሆናቸው የሚሰምጥ መሠረት የላቸውም። ጠራቢዎቹ ግን በዙሪያቸው የውኃ መውረጃ ቦዮችን ቆፍረው ነበር። ቦዮቹ ለብዙ መቶ ዓመት በአፈር ተደፍነው ቆዩ፤ በ20ኛው መቶ ዓመት እስኪጠረጉ ድረስም መውጫ ያጣው ውኃ አለቱን ራሱን ጎዳው።