የቆቃ ሐይቅ የዓሣ ሀብት

ቆቃ፣ የአዋሽ ወንዝ በ1952 ዓ.ም. በተፈጸመው የኤሌክትሪክ ኃይል ግድብ ተገትቶ ከአዳማ (ናዝሬት) አቅራቢያ ያስገኘው፣ ገሊላም የተባለ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። በውስጡም ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣና ከውጭ የመጣው ካርፕ ይኖራሉ። የቆሮሶው ተባዕት በዳርቻው ጎድጓዳ ጎጆ ቆፍሮ እንስቲቱን ሲጠብቅ፣ እርስዋ የጣለችውን ዕንቁላል በአፏ ሰብስባ፣ ተፈልፍለው የወጡት ጫጩቶች ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ በዚያው መሸሸጓ እጅግ የሚያስደንቅ የተፈጥሮ ጥበብ ነው። አምባዛ ግን በክረምት ውኃ የዋጠው ሣር ውስጥ ገብቶ ይራባል። ዛሬ ደለሉ ሐይቁን እየሞላው፣ እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም ገጹን እየሸፈነው፣ የቆዳ ፋብሪካዎችም ፍሳሽ በሞጆ ወንዝ በኩል እየገባ ስለሚበክለው፣ ፍሳሹን ከምንጩ ማጣራት፣ በመራቢያ ወራትም ዳርቻውን ከመረብ መጠበቅ ይገባል።